ጎማው ከቆመ አዲስ መንገድ ምን ይሠራል?
(ለጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መኪናችሁን አቁማችሁ ከየመስመሩ የመጣችሁ ሹፌሮቻችን፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ወደ ሥራችን ከመግባታችን በፊት፣ በዚህ ዓመት በመንገድ ላይ ላጣናቸው ሹፌሮችና ረዳቶች ተነሥተን የኅሊና ጸሎት እናድርግ።

አመሰግናለሁ፤ ተቀመጡ።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በረዳትነት ነው። ያን ጊዜ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚደረግ ታኮ ይዤ ለመዝለል ተዘጋጅቼ ነበር የምቀመጠው። ስለዚህ አገራችን ለመንገድ ያፈሰሰችው ገንዘብ ለእኔ የሪፖርት ቁጥር ብቻ አይደለም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። በ2007 ዓ.ም. መባቻ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ። ባቡሩ በአብዛኛው በብድር የተሠራ ነው። የብድር ወለድ ደግሞ ሐዲዱ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ይቆጥራል።

ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ያለውን መንገድ ምን ያህል እየሠራንበት ነው?

ባለፈው ዓመት የአንዱን ተሳቢዬን አንድ የጅቡቲ ምልልስ ቀን በቀን መዝግቤ ነበር። በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል ደርሶ መልሱ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ በቀን 300 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ሌሊት እያረፈ ቢሄድ ስድስት ቀን ይበቃዋል። እሱም ስድስት ቀን ነዳ። ምልልሱ ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አሥራ ሦስቱን ቀን መኪናው ቆሞ ነበር፤ መጀመሪያ በጭነት ተራ፣ ቀጥሎ ሰነድ ሲጠበቅ፣ በመጨረሻም በማራገፊያ ደጃፍ። ሹፌሩ በዚያ የቆላ ሐሩር ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛ ነበር።

እስቲ አስቡት። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለው አስፋልት እንደ መስተዋት ቢለሰልስ፣ ከነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት አንዱንም አይቀንስልንም። የሚቀንሰው ሰነዱ መኪናው ከመድረሱ በፊት ሲያልቅ፣ ማራገፊያው ሌሊትም ሲሠራ፣ የዕቃው ባለቤት መጋዘኑን አስቀድሞ ሲያዘጋጅ ነው። ለዚህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። በወር ሁለት ጊዜ ይመላለስ የነበረ መኪና ሦስተኛ ምልልስ ቢጨምር፣ አዲስ ተሳቢ ሳይገዛ የአገሪቱ የማጓጓዝ አቅም በግማሽ አደገ ማለት ነው። በመካከላችን የተገኙት የመንግሥት ኃላፊዎች ይህን ጥያቄያችንን ይዘውልን እንዲሄዱ እማጸናለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ። ሌላውን ብቻ ከወቀስን ጉባኤያችን ሙሉ አይሆንም።

ከልክ በላይ እንጭናለን። ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት መኪኖችን በሙከራ መንገድ ላይ ደጋግመው እየነዱ የተደረገ ጥናት ነበር። በአክስሉ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ፣ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል እንደማይጨምር፣ እጅግ ፈጥኖ እንደሚያድግ የታየው ያኔ ነው። በዚያ ስሌት፣ 10 ቶን ሊያርፍበት በሚገባ አክስል ላይ 12 ቶን ብናሳርፍ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። 15 ቶን ከሆነ አምስት እጥፍ። ስለዚህ ሚዛን ጣቢያን በጎን የሚያልፍ ባለንብረት የሚያተርፈው የጥቂት ኩንታል ኪራይ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን የሁላችንን መንገድ ነው። ጉድጓዱም ተመልሶ የሚጠብቀው የራሱን ሱስታና የራሱን ጎማ ነው። ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ለመንገድ ፈንድ እንከፍላለን። ያ ገንዘብ ክረምት ሳይገባ የውኃ መውረጃ ቦይ ለመጥረግና ስንጥቅ ለመድፈን ቢውል ደስ ይለኛል፤ እኛ በጭነት የሰባበርነውን ደጋግሞ በመጠገን ሲያልቅ ግን ያሳዝነኛል።

ስለ ባቡሩም የምሰማው ሥጋት አለ። «ሥራችንን ወሰደብን» የሚሉ አባላት አሉ፤ ሥጋታቸውን አልንቀውም፤ የመኪና ዕዳ ያለበት ሰው እንቅልፍ የለውም። ነገር ግን ባቡር የሚያደርሰው እስከ ሐዲዱ ዳር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብና እንዶዴ ባቡር ጣቢያ የደረሰ ኮንቴይነር ወደ ጅማ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሌ የሚሄደው በእኛ መኪና ነው። ማዳበሪያና ስንዴ በብዛት ሲገባ ረጅሙን መንገድ ባቡሩ ቢሸከም፣ እኛ በአጭሩ መስመር ብዙ ምልልስ እናገኛለን፤ ሹፌራችንም ቤቱ ያድራል። የሚጎዳን ባቡሩና መኪናው ሳይናበቡ ሲቀሩ ነው።

ወደ ወደብ ባዶ መውረዳችንም ሌላው ጉዳት ነው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ችግሩ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ሆኖም ቡናና ሰሊጥ የሚልኩ ነጋዴዎች መኪና ሲፈልጉ ባዶ መኪናችን አጠገባቸው ያልፋል። የመረጃ ልውውጡን ለደላላ ብቻ ትተነዋል።

ሥራ አመራር ቦርዱ ለዛሬ ሁለት ነገር ያቀርብላችኋል። አንደኛው፣ ከልክ በላይ የጫነ አባል በማኅበሩ ተራ እንዳይስተናገድ የሚያደርግ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አባል የቆመበትን ቀንና ምክንያቱን እየመዘገበ በየወሩ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያቀርብ ነው፤ መዝገቡን ይዘን ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እናቀርባለን። የምዝገባ ቅጹ በመግቢያው በር ታድሏችኋል። የደንቡ ማሻሻያ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለውይይት ይቀርባል፤ መጀመሪያ እንዲናገሩ የምፈልገው ሹፌሮቻችን ናቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።