ሁለት ሥራ እየሠራሁ ለምን ዕዳ መጣብኝ?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አሜሪካ ካሉ ተቀጣሪ አድማጮች የመጡ ናቸው። መልሱን የሰጡት የታክስ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል እሠራለሁ። ሁለቱም ታክስ ይቆርጡብኛል። ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ስጠብቅ 2,000 ዶላር ገደማ ክፈል ተባልኩ። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም ወንድሜ። ችግሩ ሁለቱ ቀጣሪዎችህ አለመተዋወቃቸው ነው። ለ2025 ላጤ ሰው ከገቢው ላይ 15,750 ዶላር ከፌዴራል ታክስ ነፃ ይሆንለታል። ግን በዓመት አንዴ ብቻ! አንተ ጋ ፓርኪንጉም ሆቴሉም «ሌላ ሥራ የለውም» ብለው ያንኑ ነፃ ገንዘብ እየቀነሱ ነው የሚያሰሉት። ከእያንዳንዱ በዓመት 30,000 ዶላር ታገኛለህ እንበል። ሁለቱ ደብሊው-ቱ (ቀጣሪ በዓመቱ የከፈለህንና የቆረጠብህን የሚያሳየው ወረቀት) ሲደመሩ፣ የተቆረጠው መክፈል ካለብህ ታክስ ወደ 2,000 ዶላር ይጎድላል።

ሥራ ስትጀምር ሳታነብ የፈረምካት ደብሊው-ፎር፣ ቀጣሪህ ምን ያህል ታክስ እንደሚቆርጥ የሚያይባት ቅጽ፣ አለች አይደል? (ሁላችንም ሳናነብ ነው የፈረምነው።) አዲስ ሙላ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ሣጥን አለች፤ በሁለቱም ሥራ ምልክት አድርግባት። ደሞዙ ከተቀራረበ ይበቃል። እጅህ ላይ የሚደርሰው ቼክ ያንሳል፤ የታክስ ማስገቢያው ቀን ኤፕሪል 15 ሲደርስ ግን አትደነግጥም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ 6,000 ተመለሰላት፣ ለእኔ 400 ብቻ። ታክስ ሠሪ ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ልጆች እንዳሏት ጠይቂያት፣ እህቴ። ሪፈንድ አንድም ከልክ በላይ የተቆረጠ የራስሽ ገንዘብ ነው፤ ያለ ወለድ ለመንግሥት ያበደርሽው። አለዚያም ክሬዲት ነው፤ ብድር ሳይሆን ካለብሽ ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ። ለ2025 ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ይሰጣል። ታክሱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ከዚያ እስከ 1,700 በእጅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከእሷ ጋር አትወዳደሪ። «ብዙ አመጣልሻለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመሽ ደግሞ ታክስሽ ላይ ፈርሞ የራሱን የታክስ ሠሪነት ቁጥር ማስፈሩን እይ። እምቢ ካለ ተነሽና ውጪ። ጉድ ሲፈላ ደብዳቤው የሚመጣው ባንቺ አድራሻ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ። ታክስ ላይ ላስገባት?

መልስ፦ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነች አይቻልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ታክስህ ላይ ጥገኛ (አንተ የምታስተዳድረው) ተብሎ ለመግባት የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ሜክሲኮ ስል አደባባዩን አይደለም! በግሪን ካርድ መጥታ እዚህ ከኖረች፣ የራሷ ገቢ ትንሽ ከሆነና ከግማሽ በላይ ወጪዋን ከሸፈንክ ግን 500 ዶላር ክሬዲት አለ። እሱም ካለብህ ታክስ ላይ ብቻ ይቀነሳል፤ ትርፍ ቢኖረው በእጅ አይሰጥህም።