ወንዱን ያስቆመ፣ ሴቷን ያሳለፈ ጂን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አይጥ ነው። አዎ፣ ስለ አይጥ።

ስዊድን ውስጥ፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኤስ-ዋይ-ሲ-ፒ-3 የሚባለው ጂን እንዳይሠራ የተደረገባቸውን አይጦች አጠኑ። የወንዶቹን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2000፣ የሴቶቹን በ2002 አወጡት። አይጦቹን ብታዩዋቸው ምንም አልሆኑም። ጂኑ የሚፈለገው የዘር ሕዋስ ሲከፋፈል ነው እንጂ ቆዳም ጉበትም ጉዳዩ አይደለም።

አይጥ 40 ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖችን የተሸከመ ክር፣ አላት፤ ለልጅ የምታወርሰው 20ውን ነው። በትክክል ለማካፈል ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞሶሞች አስቀድመው ጥንድ ጥንድ ሆነው መገጣጠም አለባቸው፣ ልክ እንደ ጃኬት ዚፕ። የዚህ ጂን ፕሮቲን የዚፑን ሁለት ጠርዝ ከሚሠሩት አንዱ ነው። እሱ ከሌለ ዚፑ በወጉ አይዘጋም።

ወንዱ አይጥ ጋ ሕዋሶቹ ገና ክሮሞሶም ሲያጣምሩ በጅምላ ሞቱ። ስፐርም የለም። መካን ሆነ፣ አለቀ።

ሴቷስ? ወለደች! እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ያው ጂን ጎድሏት እንዴት አመለጠች? አላመለጠችም። በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ልጆች ያንሳሉ። ሲፈተሽ፣ አንዳንዱ እንቁላል ክሮሞሶም ተርፎታል፣ ሌላው ጎድሎታል። ከዚያ የሚፀነሰው ገና በጠዋቱ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ የሚሞተው ይበዛል።

የወንዱ አካል የተበላሸውን እዚያው ይዘጋዋል። ጭካኔ ይመስላል። የሴቷ ያሳልፋል፤ ዕዳው ግን በኋላ ይመጣል። የትኛው ይሻላል? እኔ እንጃ።

የዕድሜው ነገር ሰውም ጋ አለ። የሴት ልጅ እንቁላል መከፋፈል የሚጀምረው እሷ ራሷ ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። ከዚያ መሐል ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ አንዳንዱ 40 ዓመት። ክሮሞሶሞቹን አንድ ላይ የያዘው ነገር እየላላ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፈው ፅንስ ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ችግር ያለበት ነው። እኛ ግን ያስወረዳትን ሴት «ምን ከባድ ነገር አንስተሽ ነው?» እንላለን። ምንም አላነሳችም።

ልጅ ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀርማ አታንሱት። ፀበል የምትሄደው እሷ፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ። ባልየው ቤት ቁጭ ብሎ ውጤቷን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ጃፓን ውስጥ ስፐርም የሌላቸው 19 ወንዶች ሲመረመሩ፣ ሁለቱ ላይ በዚሁ በአይጦቹ ጂን ላይ ሚውቴሽን፣ ማለትም የጂን ለውጥ፣ ተገኝቷል። ሁለቱም ቢሆኑ ባይመረመሩ ኖሮ ማን ይጠረጥራቸው ነበር? የወንድ ዘር ምርመራ እኮ ሴቷ ከምታየው ፍዳ ሁሉ የቀለለ ነው። አንድ ናሙና ሰጥቶ መውጣት። ታዲያ ስንቱ ባል ነው ቀድሞ የሚሄደው?