የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ተርሚናሉ አብሮ ከዞረ ከውጭ አታጥብቀው

ዛሬ መስመሩን የያዘው የአምፕሊፋየር ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ ያገለገለ አምፕ ያልገዛ ሰው ያለ አይመስልም። ባለሙያው የሰጡት መልስ እንዲህ ቀርቧል።

ከሆጤ የደወለ ወጣት፦ ያገለገለ አምፕ ገዛሁ። የቀኙ ስፒከር ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሽቦውን ጫን ሳደርገው ይመለሳል። ቀዩን ማጥበቂያ ሳዞረው ደግሞ ተርሚናሉ (ከአምፑ ጀርባ የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ማያያዣ) በሙሉ አብሮ ይዞራል። ምን ይሻለኛል?

አብሽር፣ አምፑ አልሞተም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ያንን ማጥበቂያ ከውጭ አታዙረው። ባዞርከው ቁጥር የውስጡ ሽቦም አብሮ ይጠመዘዛል። ወይ ሶልደሩ (ሽቦውን የያዘው ብየዳ) ይሰነጠቃል፣ ወይ የውስጡ ጫፍ ዞሮ ጎረቤቱን ወይም የብረት ሣጥኑን ይነካል። ያኔ ሾርት ነው። የላላ ዳዶ የነበረው ነገር የተቃጠለ ትራንዚስተር ይሆንብሃል።

መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት ንቀል። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ትንሽ ታገስና ክዳኑን ከፍተህ፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ ለካቸው። ከ2 ቮልት በታች ካልወረዱ እጅህን አታስገባ። ቴስተር ከሌለህ እዚህ ላይ አቁምና ለሠሪ ስጠው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድም ነገር ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ተርሚናሉ ከውስጥ በዳዶ የታሰረ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ከውጭ በአንድ እጅህ ያዘው፣ ዳዶውን ከውስጥ አጥብቀው። ጉልበት አታብዛ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በተርሚናሉና በብረቱ መካከል ያለችውን የፕላስቲክ ሮንዴላ እንዳትጥላት። ቀዩን ከሣጥኑ የምትለየው እሷ ናት።

ቦርድ ላይ በሶልደር የተያዘ ከሆነ ደግሞ እግሩ ዙሪያ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። አሮጌውን ሊድ (ሶልደሩን) አንሳና አዲስ አድርግበት። እግሩ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። በ25 ዋት ካውያ (የሶልደር መበየጃ) ከላይ ይለጠፋል እንጂ አይያያዝም፤ 60 ዋት ይሻላል። ቆርቆሮ የሚበየድበትን አሲድ ግን እንዳታስጠጋ። ቀስ እያለ መዳቡን ይበላዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሮዚን (የብየዳ ሙጫ) ያለው ሊድ ነው።

ስትጨርስ ስፒከር ሳታገናኝ አብራው። ቮሊዩሙ ዜሮ ይሁን። በቀዩና በጥቁሩ መካከል ዲሲ ለካ። ሃያ ሠላሳ ሚሊ ቮልት ቢያሳይ አያስደነግጥም። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየህ ግን ነገሩ ከተርሚናል አልፏል፤ ስፒከር ብታገናኝ ኮይሉ ይቃጠላል።

ሌላ ጊዜ ስትገዛ ደግሞ ድምፁን ብቻ ሰምተህ አትሂድ። ገና ሳይበራ ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጋቸው። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት፦ የእኔው በስፕሪንግ የሚይዝ ነው። ስፕሪንጉ ደከመና በክብሪት እንጨት ወጥሬዋለሁ። ችግር አለው?

ለአንድ ሌሊት ሠርግ ይሆናል፣ አባቴ። ከዚያ በላይ አይመከርም። እንጨቱ ሲላላ ሽቦው ሾልኮ ጎረቤቱን ይነካል። መጀመሪያ የሽቦውን ጫፍ ይዩት፤ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካወጣ ቆርጠው አዲስ ይላጡ። 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በደንብ ይጠምዝዙት፣ አንድም ክር እንዳይወጣ። ካልሆነ ክሊፑን (ስፕሪንጉ ያለበትን ማያያዣ) በሙሉ ማስቀየር ነው። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ የቀዳዳው ርቀት በዓይን አይገመትም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የሽቦውን ጫፍ ሊድ ነክሮ በብሎን ያጠብቀዋል። ያምራል፣ ግን ሊድ ለስላሳ ነው። ሲጫኑት እየሸሸ ይሄድና ከጥቂት ወራት በኋላ ይላላል። ለብሎን ባዶው መዳብ ይሻላል።

ከፒያሳ የደወለች እህት፦ ጁስ ቤት አለኝ። አራት ስፒከር በአንድ ተርሚናል አገናኝቼ ነበር። ተርሚናሉ ይግላል፣ አምፑም በየመሃሉ ይጠፋል።

አራቱም ባለ 8 ኦም ከሆኑና ጎን ለጎን (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር) ከታሰሩ አምፑ የሚያየው 2 ኦም ነው፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ሸክሙ ይበዛበታል። ከኋላው ዝቅተኛው 4 ኦም ነው የሚል ከሆነ ከአቅሙ በላይ እየጫንሽው ነው። የሚጠፋው ራሱን ለማዳን ነው፣ አመስግኚው። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ (የአንዱን ጥቁር ከሌላው ቀይ) እሰሪና ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አድርጊ፤ ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል። ከዚያም በኋላ ተርሚናሉ ከጋለ ግንኙነቱ ልል ነው ማለት ነው፤ ለሆጤው ልጅ ያልኩትን አድርጊ።

ከሮቢት የደወለ ወጣት፦ ከጃፓን የመጣ አምፕ ነው። ከኋላው 100 ቮልት ይላል። ተርሚናሉን ከማሠራቴ በፊት ልሞክረው?

እንዳትሰካው! የእኛ መብራት 220 ነው። መጀመሪያ ከ220 ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ፈልግ፣ ዋቱም ከአምፑ ከፍ ያለ ይሁን። ተርሚናሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።