የሰመር ክላስ ለኮሌጅ መግቢያ ይጠቅማል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ከአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ «ለሰመር ፕሮግራማችን ተመርጠሻል» የሚል ደብዳቤ መጣላት። ክፍያው ለሁለት ሳምንት በሺዎች ዶላር ነው። ብከፍልላት እዚያው ለመግባት ይረዳታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመግቢያ ብለው ከሆነ አይክፈሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚላከው ልጅቷን ለይተው ዐውቀዋት ሳይሆን፣ ከኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ጋር በተያያዘ አድራሻዋ ለኮሌጆች እንዲሰጥ ስለተስማማች ነው። አንዳንዴም አዘጋጁ ግቢውን የተከራየ ሌላ ድርጅት ይሆናል። ድረ ገጻቸውን እስከ ታች ያንብቡት፤ ፕሮግራሙ ለመግቢያ ዋስትና እንደማይሆን ራሳቸው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ገንዘቡ ከተረፈዎት የዶርም ኑሮን ትለማመድበታለች፣ ጓደኛ ታፈራበታለች። ተበድረው ግን በፍጹም!

ክብደት የሚሰጣቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚገርመው ነጻ መሆናቸው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው የሳይንስ ምርምር ፕሮግራም፣ አርኤስአይ፣ አንዱ ነው። የቴሉራይድ አሶሴሽን የሰመር ሴሚናርም እንዲሁ። ውድድራቸው ከባድ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሚያስብ ሰው አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ አስረኛ ክፍል ነው፣ የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሰመር ላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክላስ ይውሰድ ወይስ ይረፍ?

መልስ፦ ማንበብና መጻፍ የማይከብደው ከሆነ ይውሰድ። ይሄኛው እውነተኛ የኮሌጅ ውጤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ሲያሰሉ ከዘጠነኛ ክፍል ማግሥት ካለው ሰመር እስከ አስራ አንደኛ ማግሥት ያለውን ይቆጥራሉ፤ ወደ እነሱ የሚዛወር የኮሌጅ ክላስ ደግሞ እንደ ኦነርስ (ከበድ ያለ የሀይስኩል ክላስ) ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል።

ነገር ግን የሴሚስተሩ ትምህርት ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ውስጥ ይታጨቃል። ሁለት ክላስ አያስመዝግቡት፣ አንድ ይበቃዋል። ሲመዘገብ ያለ ደብልዩ (ክላሱን አቋርጦ መውጣቱን የሚያሳይ ምልክት) መውጣት የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን ካላንደሩ ላይ ያክብበት። ሲ ቢያመጣ ከኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ (የውጤት መዝገቡ) አይፋቅለትም፤ ለኮሌጅ ሲያመለክትም ውጤቱን እንዲገልጽ ይጠየቃል። ክሬዲቱን ሁሉም ኮሌጅ ይቀበለዋል ማለትም አይደለም፤ አንዳንድ የግል ኮሌጆች ለሀይስኩል ዲፕሎማ የተቆጠረውን አይቀበሉም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሀይስኩል ዲ ያመጣበትን ሒሳብ ሰመር ላይ ቢደግመውስ?

መልስ፦ ይድገመው፣ ለዚህማ ምን ጥያቄ አለው! ቅድም ያልኳቸው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ዲ እና ኤፍ ሲደገም አዲሱን ውጤት ይወስዳሉ። ሲ ካመጣበት ግን መድገሙ እነሱ ዘንድ ጂፒኤውን አያሻሽልለትም።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ ክላስ የላትም። ሰመሩን ሱቅ ትሠራለች፣ እኔ ሥራ ስገባ ታናናሽ ወንድሞቿን ትጠብቃለች። ወደ ኋላ ትቀር ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አትቀርም። ኮመን አፕ፣ ማለትም ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የኦንላይን ማመልከቻ፣ እስከ አስር እንቅስቃሴ ይቀበላል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚከፈልበት ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት አሉበት። የኛ ልጆች ይሄንን እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት ባዶ ይተዉታል። ለመግለጫ የሚሰጣት 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ «ቤት ውስጥ እረዳለሁ» ብላ አታባክነው። ወንድሞቿ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ምን እያበሰለች እንደምታበላቸው፣ ምን እንደምታስጠናቸው ትጻፍ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ የምትሞላበት ሳጥን ለብቻው አለ።