አልበላሁትም፣ ከፈልኩበት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዛሬው ጉባኤ ፕሮግራም ላይ ከስሜ ጎን የተጻፈው «ቤተሰብ፣ ዕዳና የቤት ሽያጭ» የሚል ነው። ኮሚቴው ሦስት ነገር እንድናገር ጠይቆኛል። ቤት መቼ ይሸጣል? እንዴት ይሸጣል? ለልጆችስ እንዴት ይነገራል? ሦስቱንም ጽፌ መጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ አንድ ቃል ነው። «በላው» የሚለው ቃል።

የአባቴን ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አባቴ የዚህ ማኅበር ገንዘብ ያዥ በነበረበት ዘመን የዓመቱን ሂሳብ የምትዘጉት እኛ ሳሎን ውስጥ ነበር። ትልቁ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። እኔ እርሳስ እየቀረጽኩ አቀብላችሁ ነበር። ሂሳቡ ትንሽ ከተዛነፈ ማንም ተነስቶ አይሄድም፤ እስኪገኝ ይፈለጋል። እኔም ጠረጴዛው ሥር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ያ ቤት ከተሸጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ዕዳ ለመክፈል ነው የሸጥኩት።

ዕዳው እንዴት መጣ? ታሪኩ አጭር ነው። ሥራ ጀመርኩ። ለማስፋት ተበደርኩ። ቤቱን መያዣ አደረግን፣ እማዬ ፈረመች። ሥራው ከሰረ። በቃ። በሥራ መክሰር በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ እሱን አላስረዝምም። መናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስላለፈው ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍያ ሳልከፍል ካሳለፍኩበት ቀን ቤቱ እስከተሸጠበት ቀን ድረስ 26 ወር ነው። ቆጥሬዋለሁ። ቤቱ መሸጥ እንዳለበት ደግሞ ያወቅኩት በ3ኛው ወር ነው። አንድ ሌሊት ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። የሚገባውን ጻፍኩ፣ የሚወጣውን ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ደመርኩት። የሁላችንም ገቢ ተደማምሮ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም፣ ለእማዬም።

23 ወር ሙሉ ለምን ዝም አልኩ? ገዥ ጠፍቶ አይደለም። ሕጉ ከልክሎኝም አይደለም። «የአባቱን ቤት ሸጦ በላው» እንዳልባል ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን እስቲ ይህ ቃል ስንት እንዳስከፈለኝ ላሳያችሁ። እዚህ የተቀመጣችሁ የሂሳብ ሰዎች ታውቁታላችሁ። 72ን ለዓመቱ ወለድ ስታካፍሉ ዕዳው በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግራችኋል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ከሆነ፣ ምንም ሳይከፈልበት የተቀመጠ ዕዳ በ4 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ቅጣቱን ሳንጨምር ነው ይሄ። ትንሽ ትንሽ ብትከፍሉም ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ቅጣቱና ወደ ወለዱ ነው። ዋናው ብድር ንቅንቅ አይልም። እኔ በየወሩ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ እየከፈልኩ «እየታገልኩ ነው» እል ነበር። ዋናው ግን እዚያው ነበር።

በ3ኛው ወር ብንሸጠው ኖሮ ዕዳው ተከፍሎ ለእማዬ አነስ ያለች ቤት የሚገዛ ገንዘብ ይተርፍ ነበር። በ26ኛው ወር ስንሸጠው የተረፈው የጥቂት ወራት ኪራይ ነው። እናቴ ዛሬ ተከራይ ናት። ተከራይ ያደረጋት ብድሩ ብቻ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ የቆየሁባቸው ወራት ናቸው።

ቤቱ የታየበትን ቀን ልንገራችሁ። ገዥው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል። እማዬ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስታ መጥረግ ጀመረች። «እማዬ፣ ተይው፣ ሊያድሰው ነው» አልኳት። «ቆሻሻ ቤት ሸጠች እንዲባል ነው?» አለችኝ። ወለሉን ወለወለች። የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ አሸች። አባዬ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር አስተካከለች፤ መልሳ ደግሞ አንስታ ጓዳ አስገባችው። ያንን ወንበር ሰው እንዲያየው አልፈለገችም።

ሰውዬው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። እየዞረ አየ። የሳሎኑን ግድግዳ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ መታና አብሮት ለመጣው ባለሙያ «ይሄ ይፈርሳል» አለው። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እማዬ ግን ሰማች። ያ ግድግዳ የአባዬ አስከሬን በወጣበት ቀን ተደግፋው የቆመችው ነው። ምንም አላለችም። ውሃ አቀረበችለት።

ከዚያ የውጪውን በር ሊከፍት ሞከረና እምቢ አለው። ቁልፉን ሰጥታው ማስተማር ጀመረች። «ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ነው የምታዞረው። አዎ፣ እንደዚያ። በዝናብ ጊዜ ደግሞ በትከሻህ ገፋ አድርገው።» 40 ዓመት የኖረችበትን ቤት በር ለማያውቁት ሰው አከፋፈቱን እያሳየች ነበር። እኔ ጓሮ ሄጄ ቆምኩ። እዚያ ምን እንዳደረግኩ መናገር አያስፈልገኝም።

ፊርማው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ ደወለች። ራቅ ካለ ቦታ ነው የምትኖረው። ሰላምታ አልነበረም። «የአባታችንን ቤት በላኸው አይደል?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋችው። ዛሬም እንደ ድሮው አናወራም። አልወቅሳትም። እሷም ያደገችው እዚያ ነው። ሳልነግራት ያ ሁሉ ወር ማለፉ የእኔ ጥፋት ነው። ግን ቃሉን ከየት አመጣችው? ከሁላችንም ነው ያመጣችው። እኔ ራሴ ስለ ሌላ ሰው ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ!

አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመው ከመጽሐፍ ቅዱስ ናቡቴን ጠቀሱልኝ። «ናቡቴ እንኳ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አልሸጠም» አሉኝ። የዚያን ቀን አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ዛሬ መልሴን ልስጥ። አባቴ፣ ናቡቴ ዕዳ አልነበረበትም! ንጉሡ አክዓብ የወይን ቦታውን የፈለገው አትክልት ሊተክልበት ነው። በናቡቴ ደጅ የቆመ አበዳሪ አልነበረም። እኔን የሚመስሉትን ከፈለጉ ነህምያ ምዕራፍ 5ን ያንብቡ። እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል የገዙ ሰዎች እዚያ አሉ። ጮኹ። ነህምያ «ርስታችሁን በላችሁ» አላላቸውም። የተቆጣው ወለድ በሚያስከፍሉት ሹማምንት ላይ ነው። ጉባኤ ጠርቶ ቤታቸውን መልሱላቸው ነው ያለው። መጽሐፍ ለሰው ከተጠቀሰ ሙሉው ይጠቀስ!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዕዳ የበላ ሰው ምን ያደርጋል? ይሰወራል። ስልኩን ያጠፋል። ዋስ የሆነለትን ወዳጁን ለአበዳሪው ትቶ ይሄዳል። ንብረቱን በሌላ ሰው ስም ያዞራል። ቤቱን የሸጠ ሰው ግን በቀን ብርሃን፣ በምስክር ፊት ፈርሞ «ያለብኝን ውሰዱ» ያለ ሰው ነው። የሚወደውን ነገር ሰጥቶ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። እኔ ያንን ቤት አልበላሁትም። ከፈልኩበት! ለእኔ ዋስ የሆኑት ሁለት የዚህ ማኅበር አባላት ዛሬ እዚህ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ከኪሳቸው አንድም ነገር አልወጣም። ሌሊት በሰላም ተኝተው አድረዋል። እማዬ ሽያጩን የፈረመችውም ለዚያ ነው።

በሌላ በኩል የሚያጽናኑ ሰዎችም አሉ። «ቤት ማለት ግድግዳ ነው፣ ዋናው ጤና» ይላሉ። ልባቸው ቅን ነው። ግን እባካችሁ እንደዚያ አትበሉ። ማርክ ፍሪድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ቦስተን ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባለው ሰፈር ሲፈርስ ከቤታቸው የተነሱትን ሰዎች አነጋገረ። እነሱን ያስወጣቸው ዕዳ ሳይሆን የከተማ ማደስ ሥራ ነው። ስሜታቸውን ግን ሰው ከሞተበት ሰው ሐዘን ጋር አመሳሰለው። ሁለት ዓመት አልፎም ሐዘኑ ያልለቀቃቸው ነበሩ።

እኔ ይህን በእማዬ እጅ አይቼዋለሁ። በድሮው ቤት የመኝታ ክፍሏ ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ በስተግራ ነበር። አሁን ባለችበት በስተቀኝ ነው። ሌሊት ስትነሳ እጇ በግራ በኩል ግድግዳውን ይዳብሳል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ከጎን ካለው ክፍል ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። ተነስቼ ላብራላት እልና እተወዋለሁ፤ እንደሰማኋት እንድታውቅ አልፈልግም። በአፏ አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። እጇ ግን ቤቱን እየፈለገ ነበር፣ ለወራት።

ዕዳው ባለቀበት ቀን የእገዳ ማንሻ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ትከሻዬ ቀለለ። ያን ቀን ማታ ደግሞ አለቀስኩ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ። ማንም ሰው «አንዱን ምረጥ» ሊለኝ አይገባም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። እንዴት ይሸጣል? አበዳሪው ቤቱን በሐራጅ ከማውጣቱ በፊት ሽጡ። በሐራጅ የሚወጣ ቤት ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ተረጋግቶ ከሚሸጥበት ዋጋ በታች ነው የሚሄደው። ከአበዳሪው የተጠቃለለውን የዕዳ መጠን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋናው፣ ወለዱ፣ ቅጣቱ ተለይቶ ይጻፍላችሁ። ቅጣቱ ይቀነስልን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዋጋውን ደግሞ ቤተሰብ ብቻ አይተምነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን፣ ሪቻርድ ታለርና ባልደረባቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት የስኒ ሙከራ አለ። ስኒ ተሰጥቷቸው እንዲሸጡት የተጠየቁ ተማሪዎች ገዥዎቹ ሊከፍሉ ከፈለጉት እጥፍ ገደማ ጠየቁ። ስኒው በእጃቸው የቆየው ለደቂቃዎች ነው። 40 ዓመት የኖራችሁበትን ቤትማ አስቡት! እኔ በ20ኛው ወር የመጣ ጥሩ ገዥ «ዋጋው ስድብ ነው» ብዬ መልሻለሁ። በመጨረሻ የሸጥኩት ከዚያ ባነሰ ነው።

ሦስተኛው፣ ልጆች። አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ልጄ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። ዕቃ ስናሽግ አየችና እጄን ይዛ «አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ስንሾካሾክ ከርመን እሷ ጥፋቱን ራሷ ላይ አድርጋው ነበር። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርልኝ እፈልጋለሁ። ከመካከላችን ሦስት ሰው ይመረጥ። ሂሳብ የሚያውቅ አንድ፣ ውል ማንበብ የሚችል አንድ፣ ቤቱን ሸጦ ያለፈበት አንድ። አንድ አባል ክፍያው በዘለለ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱን ይዞ ወደ እነሱ ይሂድ። ስሙ ከዚያ ክፍል አይውጣ። ሦስተኛው ሰው እንድሆን ከፈለጋችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል። ስብሰባው ሲያልቅ እዚያ በስተኋላ በር ላይ እቆማለሁ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ አልሄድም።

አመሰግናለሁ።