የማላውቀው ሰውዬ ጉድጓድ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። የማወራላችሁ ስለ መኪናዬ ወንበር ነው። አዎ፣ ስለ ወንበር። ሳቁ፣ ችግር የለም።

መኪናዬ አሮጌ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ማርሿም እንደ ዕድሜዋ ነው። ብቻ 40 ደቂቃ ያህል ከነዳሁ በኋላ የግራ ጭኔ መደንዘዝ ይጀምራል። ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም፣ ጭኔ ይነግረኛል። ደርሼ ስወርድ ደግሞ ወዲያው መራመድ አልችልም። በሩን ይዤ፣ ስልክ የማይ መስዬ፣ ወገቤ እስኪቃና እቆማለሁ። ይሄን ሦስት ዓመት አደረግኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው ዕድሜዬ ነበር። "በቃ፣ አረጀሁ" አልኩ። ፍራሽ ቀየርኩ። ስፖርት ጀመርኩ፣ ተውኩት። ከኋላ ኪሴ የገንዘብ ቦርሳዬን አወጣሁ፤ ይሄኛው እንኳን ትንሽ ጠቅሞኛል። ቦርሳ ላይ ተቀምጦ መንዳት ዳሌን ያጣምማል፣ እናንተም አውጡት።

ከዕለታት አንድ ቀን እህቴ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ረጅም መንገድ ነበር። ስወርድ ምንም የለም። ያው ወገብ፣ ያቺው መኪና፣ ግን ምንም! ተመልሼ ሁለቱን ወንበሮች አየኋቸው። የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዙ ሟሽሿል፤ ስንገባም ስንወጣም የምናሸው እሱን ነው። መቀመጫውን በቡጢ ስጫነው ጣቶቼ ብረት ነኩ። መኪናዋን ከእኔ በፊት ይነዳ የነበረውን ሰው አላውቀውም። አሁን ግን ሁለት ነገር አውቅለታለሁ፦ ከባድ ሰው ነበር፣ ደግሞ ወደ በሩ ጋደል ብሎ ነበር የሚነዳው። ሦስት ዓመት የተቀመጥኩት እሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

እሺ፣ ልቀይር አልኩ። ከእኔዋ ብዙ ዓመት ከምታንስ መኪና የወጡ ሁለት የፊት ወንበሮች አገኘሁ። ሻጩ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ እንዳሉ ቁጭ አልኩባቸው። እንዴት ይመቻሉ መሰላችሁ! ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩና ገዛሁ። ሁለት ደቂቃ እኮ የእንጨት ሳጥንም ይመቻል።

አሮጌዎቹን ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወንበር ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በአራት ቡሎን ነው። የኋላዎቹ ዝገው ስለነበር አንድ ከሰዓት በሉኝ። ከሥሩ ሁለት እስክሪብቶና አንድ የሕፃን ጫማ አገኘሁ። እኔ ልጅ የለኝም።

መከራው አዲሶቹ ሲገቡ መጣ። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ስፋቱ ከመኪና መኪና ይለያያል። ወለሉም ጠፍጣፋ አይደለም፤ የእኔዋ በመሃል በኩል ከፍ፣ በበሩ በኩል ዝቅ ያለ ነው። ጓደኛዬ "ምን ችግር አለ፣ ላሜራ ቆርጠን እንበይድለታለን" አለ። ከመበየዱ በፊት እስቲ ልሞክረው ብዬ ከሥሩ እንጨት አድርገን ተቀመጥኩ። ፀጉሬ ጣሪያውን ነካ። መሪው ጭኔ ላይ ዐረፈ። ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። የመንገድ መብራት ላይ ብቆም መብራቱን ለማየት አንገቴን ማጎንበስ ሊኖርብኝ ነው።

ደግሞ ከወንበሩ ሥር አንድ ቢጫ ሶኬት ተንጠልጥሏል። መካኒክ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቢጫ የኤርባግ፣ መኪና ሲጋጭ የሚነፋው ከረጢት፣ ምልክት ነው። ወንበር ውስጥ የጎን ኤርባግ ማስገባት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቮልቮ የተጀመረ ነገር ነው። የእኔዋ መኪና ይሄን የሚያዝ ኮምፒውተር የላትም። ስለዚህ ኤርባጉ አያድነኝም፣ ጎኔ ስር የሚፈነዳ ነገር ይዤ እዞራለሁ ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ የእናንተ ወንበር እንዲህ ዓይነት ሶኬት ካለው መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፍቱ፣ ከዚያ ደቂቃዎች ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉት። ያንን ሶኬት በመሞከሪያ አምፖል መፈተሽ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ሊፈነዳ ይችላል።

የጓደኛዬ ብየዳ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ዕንቅልፍ ነሳኝ። የአሜሪካ ደንብ ወንበር ከነማሰሪያው የራሱን ክብደት 20 እጥፍ የሚያህል ጉልበት እንዲችል ይጠይቃል። ወንበሩ 20 ኪሎ ከሆነ የ400 ኪሎ ጉልበት ማለት ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ደግሞ እነዚህ ወንበሮች ላይ ነው የታሰረው፤ መኪናው ሲጋጭ ቀበቶው እኔን ሲይዝ፣ ወንበሩን እየጎተተ ነው። ያ ሁሉ እኛ ግቢ ውስጥ በቆረጥናት ላሜራ ላይ! "አይ፣ ይቅር" አልኩ። ጓደኛዬ ተቀየመኝ፣ ከዚያ ወንበሮቹን ወሰዳቸው። እግር ሠርቶላቸው በረንዳው ላይ አስቀምጧቸዋል። ለበረንዳ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ወደር የላቸውም።

የራሴን ወንበር ይዤ የመኪና ወንበር የሚያድስ ሰው ጋ ሄድኩ። ልብሱን የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ አንድ በአንድ ፈታ። ከሥሩ ስፖንጁ፣ ስፖንጅ ልበለው እንጂ፣ ሲነኩት የሚረግፍ ቢጫ ዱቄት ሆኗል። ፖሊዩሬቴን ነው፤ ሲያረጅ እንዲህ ይፈረፈራል። ዱቄቱን ጠረግ ሲያደርገው ግን ሰውዬው "ና፣ እይ" አለኝ። ከሥር ካሉት ጠመዝማዛ ሞላዎች የግራው ከመንጠቆው ወልቋል። ያ ጉድጓድ ለካ የስፖንጅ ብቻ አልነበረም። የማላውቀውን ሰውዬ ክብደት ያለአግባብ ሳማ ነው የከረምኩት።

"ምን ዓይነት ስፖንጅ ላድርግልህ?" አለኝ። "ለስላሳ" አልኩት። ዝም ብሎ ሁለት ቁራጭ አመጣና በጉልበቴ ተንበርክኬ እንድጫናቸው አደረገኝ። አንዱ እስከ ወለሉ ሰመጠ፣ አንዱ ግማሽ ላይ ቆመ። "ይሄን ዛሬ ትወደዋለህ፤ ያንን ሁለት ሰዓት ከነዳህ በኋላ ትወደዋለህ።" ቀጠለና ክብደትና ጥንካሬ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳኝ። ቀላል ሆኖ ጠንካራ ስፖንጅ አለ፤ መጀመሪያ ይመቻል፣ ቶሎ ይሞታል። በመጠኑ ልክ ከበድ የሚለው ነው ዕድሜ ያለው። ወገብ ጋ ትንሽ ጉብታ ጨመረልኝ፤ እንዳበዛው ለመንኩት፣ እንቢ አለ።

ስለ ወገብ ካነሳሁ፦ አልፍ ናኬምሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሰዎች ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። ያለ ድጋፍ ስንቀመጥ ግፊቱ ከቆምንበት ጊዜ በለጠ። እኔ ደግሞ መቀመጥን ዕረፍት አድርጌ ነበር የማስበው! መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ሲያደርጉትና ወገብ ሲደገፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ዘጠና ዲግሪ ቀጥ ብሎ መንዳት፣ አስተማሪ ፊት እንደተቀመጠ ተማሪ፣ ለዲስካችን ውለታ አይደለም።

ወንበሩ ገባ። የመጀመሪያው ሳምንት፣ ልንገራችሁ፣ አልወደድኩትም። ደረቅ ሆነብኝ፣ ገንዘቤን ያቃጠልኩ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ደርሼ ወረድኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ስልክ የማየት ትወናዬን እንደረሳሁ የገባኝ።

ከፍ ብዬ ስለምቀመጥ የኋላ ማሳያውን መስታወት ማስተካከል ነበረብኝ። የሚገርመው፣ ጠዋት አስተካክዬው ማታ ስመለስ እንደገና ዝቅ ማድረግ አለብኝ። መጀመሪያ አዲሱ ስፖንጅ ከአሁኑ ሰመጠ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሰውዬው ጋ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ለካ ሰው በቀን ውስጥ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያጥራል፤ ዲስኮቹ ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ ውኃቸው ይቀንስና ሌሊት ተኝተን ይመለሳል። ድሮም ማታ ማታ አጥር ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ግን ማን ያየዋል። አሁን በየማታው መስታወቷን በአንድ ጣት ነካ አደርጋታለሁ፣ ጠዋት መልሼ ከፍ አደርጋታለሁ።

እህቴ ደግሞ የተሳፋሪው ወንበር ከእኔው ሲነጻጸር መስመጡን አስተውላለች። ቅዳሜ ቡሎን ልፈታ ነው። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።