ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፦ የእንግሊዝ የገጠር ማረፊያ ቤት አሠራር

ሰላም፦ ዛሬ ሱመርሴት፣ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር ውስጥ ነን። «ዘ ጆርጅ» የተባለውን ማረፊያ ቤት ያሠሩት የሂንተን ቻርተርሃውስ ገዳም መነኮሳት ናቸው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን። ዮናስ፣ ለመነኩሴ ማረፊያ ቤት ምን ያደርግለታል?

ዮናስ፦ የሱፍ ገበያ ነዋ! ነጋዴው ያድርበታል፣ ጨርቁም ይከማችበታል። ምድር ቤቱ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ ላይ ቅስት በር አለው። በላዩ ያሉት ሁለት ፎቆች ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የእንጨት ናቸው፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ካለው ወደ መንገዱ ወጣ ይላል።

ሰላም፦ ለማማር?

ዮናስ፦ ለማማር ብቻ አይደለም። የወለሉ አግዳሚዎች ግድግዳውን አልፈው ይወጡና የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ያርፋል። ጫፉ ሲጫን ወገባቸው ቀና ይላል፤ ወለሉ መሃሉ ላይ ቶሎ አይረግብም። ዝናቡም ከታችኛው ግድግዳ ርቆ ይንጠባጠባል።

ሰላም፦ መጋጠሚያውስ?

ዮናስ፦ እሱ ነው የሚያስደንቀኝ። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ የዛፍ እንጨት በእርጥቡ ነው የሚጠርቡት፤ ከደረቀማ መሣሪያ ይፈትናል። የአንዱ ምላስ በሌላው ቀዳዳ ይገባል። በምላሱና በሌላው እንጨት ላይ የሚበሱትን የችንካር ቀዳዳዎች ግን ሆን ብለው እርስ በርስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያዛንፏቸዋል፤ ደረቁ የኦክ ችንካር ሲመታ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። ምስማር ቢሆን የኦኩ አሲድ ይበላዋል፣ እንጨቱም ይጠቁራል።

ሰላም፦ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ነጩስ?

ዮናስ፦ የጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው አይገረምበትም፦ ዘንግ ይቆማል፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ይጠለፍበታል፣ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ከሁለቱም ወገን ይመረጋል፣ ከዚያ ኖራ።

ሰላም፦ ዛሬ ሲሚንቶ የሚለስኑበት አሉ።

ዮናስ፦ ገዳዩ እሱ ነው! እንጨት ይነቃነቃል፣ ሲሚንቶ አይነቃነቅም፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይፈጠራል። ውሃው በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ሲያልፍ መበስበስ ይጀምራል፣ በተለይ ቋሚው የሚያርፍበት የግርጌው አግዳሚ።

ሰላም፦ ታዲያ ቋሚው ሁሉ ይለወጥ?

ዮናስ፦ ኧረ በፍጹም! የበሰበሰውን ብቻ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጠሽ አዲስ ኦክ ትቀጥያለሽ። ልስኑ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፣ ትንሽ የፍየል ፀጉር። የኖራ ቀለሙ በ4 ወይም 5 ስስ ዙር ይቀባል፤ አንዴ አወፍራለሁ ካልሽ ይላጣል። እንዲህ ላለ ቅርስ ግን ከሁሉ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሰላም፦ ወቅቱስ?

ዮናስ፦ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ከወረደ አይነካም። ያልጠነከረ ኖራ ውርጭ ሲመታው ይፈረፈራል፤ ስለዚህ የውጭ ልስን የእንግሊዝ የብርድ ወቅት ሳይገባ ማለቅ አለበት።